ፕሮግራሙ የሚጀምረው ከየት ነው? (ቪዥዋል ቤዚክ፣ ጀማሪ)

ገና_ጀማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሶፍትዌር መሥራት ለመማር ቪዥዋል ቤዚክ ይዣለሁ፤ ዳት ኔት (የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ መድረክ) ላይ ያለውን፣ በዊንዶውስ ፎርም። ከዚህ በፊት የማውቀው ፍሎቻርት (የሥራ ቅደም ተከተልን በቀስት የሚያሳይ ሥዕል) ብቻ ነው። እሱ ላይ ነገሩ ግልጽ ነው። መጀመሪያ አለው፣ መጨረሻ አለው፣ ቀስቱን ተከትሎ መውረድ ነው። እዚህ ግን መጀመሪያው ጠፋኝ። ፎርም ከፈትኩ፣ በተን ጎትቼ አስቀመጥኩ፣ ደብል ክሊክ ሳደርገው ሁለት መስመር ኮድ ራሱ ጽፎ መሃሉን ባዶ ተወልኝ። እዚያ ጻፍኩ። ሌላ በተን ጨመርኩ፣ ሌላ ባዶ ቦታ መጣ። አሁን የተበታተኑ ቁርጥራጭ ኮዶች አሉኝ፤ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም የሚነግረኝ ግን የለም።

አንዱን ልጻፍላችሁ። በተኑ ስንት ጊዜ እንደተጫነ እንዲቆጥር ነው የፈለግኩት። ቋንቋውን ለማታውቁትም እንዲገባ በአማርኛ አድርጌዋለሁ፦

በተኑ ሲጫን
– ቆጣሪ የሚባል ቁጥር ፍጠር፣ 0 ይሁን
– ቆጣሪ = ቆጣሪ + 1
– ሌብሉ (ጽሑፍ ማሳያው) ላይ ቆጣሪን አሳይ
አበቃ

ስጫነው 1 ይላል። እንደገና ስጫነው አሁንም 1። ጣቴ እስኪዝል ብጫነው ያው 1 ነው። ኤረር የለም፣ ቀይ መስመር የለም። ምኑ ጋ ነው ችግሩ? ደግሞ ቪዥዋል ቤዚክ ጊዜው አልፎበታል የሚሉኝ አሉ። ልቀጥል ወይስ ልተወው?

የቆየ_ኮደር፦

እንኳን ደህና መጣሽ። ሁለተኛውን ጥያቄ ሌሎች ይሻሙበታል፣ እኔ ከመጀመሪያው ልነሳ።

ፍሎቻርት ላይ መሪው ፕሮግራሙ ነው። ስም አስገባ ይላል፣ ተጠቃሚው ያስገባል። ዕድሜ አስገባ ይላል፣ ያስገባል። ኢቨንት (እንደ በተን መጫን ያለ ክስተት) ላይ በተመሠረተ ቋንቋ ግን መሪው ተጠቃሚው ነው። ከዕድሜው ሊጀምር ይችላል። ምንም ሳይሞላ «አስቀምጥ»ን ሊጫን ይችላል። መስኮቱን ዘግቶ ሊሄድም ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በር ሲንኳኳ ተነስቶ እንደሚከፍት፣ የመጣውን አስተናግዶ ተመልሶ እንደሚቀመጥ ሰው ቁጠሪው።

መጀመሪያውስ? አለ፣ ላንቺ ግን አይታይም። ፕሮግራሙ ሲነሳ ፎርሙን ይፈጥራል፣ በተኖችሽንና ሳጥኖችሽን ይደረድራል፣ «ሎድ» የሚባለውን ኢቨንት ያስነሳል፣ ከዚያ ሉፕ (የሚደጋገም ዙር) ውስጥ ይገባል። መስኮቱ እስኪዘጋ ከዚያ ሉፕ አይወጣም። ዊንዶውስ የመልእክት ወረፋ ይይዝለታል። ማውዝ ተጫነ፣ ፊደል ተመታ፣ ተሸፍኖ የነበረው መስኮት እንደገና ይሳል፤ ይሄ ሁሉ መልእክት ሆኖ ይሰለፋል። ሉፑ አንዱን ያነሳል፣ ለሚመለከተው ያደርሳል፣ ያ ሥራ ሲያልቅ ቀጣዩን ያነሳል። «ሥራ» ያልኩት አንቺ የጻፍሽውን ቁራጭ ነው። ኢቨንት ሃንድለር እንለዋለን።

የትኛው ቁራጭ ከየትኛው ኢቨንት ጋር እንደተያያዘ ለማወቅ፣ ራሱ የጻፈልሽን የመጀመሪያ መስመር ጫፍ እዪው። «ሃንድልስ» ብሎ የበተኑን ስም፣ ነጥብ፣ «ክሊክ» ይላል። ማያያዣዋ እሷ ናት። እሷን ብታጠፊያት ኮዱ በቦታው ይቀመጣል፣ ማንም ግን አይጠራውም።

አሁን ወደ 1 እንመለስ። ሃንድለሩ ውስጥ የተፈጠረ ቫሪያብል (እንደ ቆጣሪ ያለ ዋጋ መያዣ) ዕድሜው የሃንድለሩን ያህል ነው። በተኑ ሲጫን ይፈጠራል፣ «አበቃ» ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ቀጣዩ ጭነት ስላለፈው የሚያውቀው ነገር የለም። ኮምፒውተሩ ያልሽውን በትክክል ሠርቷል፤ ኤረር ያልሰጠሽም ለዚህ ነው። ቆጣሪን ከሃንድለሩ አውጥተሽ ፎርሙ ክላስ (የፎርሙን ኮድ ሁሉ የሚይዘው ክፍል) ላይ አስቀምጪው። ያኔ ፎርሙ እስካለ ድረስ ይኖራል። ቪዥዋል ቤዚክ «ስታቲክ» የሚባል ነገርም አለው፤ ሃንድለሩ ውስጥ ሆኖም ዋጋውን ይዞ ይቆያል። ግን ለአሁኑ ውጪውን ምረጪ። ነገ «አጽዳ» የሚል በተን ስትጨምሪ እሱም ቆጣሪን ማግኘት አለበት፣ ስታቲኩን ግን ሌላ ሃንድለር አያየውም።

ከእንግዲህ ኮድ ስትጽፊ «ቀጥሎ ምን ይሠራል» ከማለት ይልቅ «በዚህ ኢቨንትና በሚቀጥለው መሃል ምን መታወስ አለበት» ብለሽ ጠይቂ። የጀማሪ ግማሽ ችግር እዚያ ነው ያለው።

ፓይተን_ብቻ፦

ማብራሪያው አሪፍ ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር፣ ማይክሮሶፍት ራሱ በ2020 ቪዥዋል ቤዚክን እንደ ቋንቋ የማሳደግ ሐሳብ እንደሌለው ተናግሯል። አዲስ ነገር አይጨመርበትም ማለት ነው። ታዲያ ጀማሪ ለምን ጊዜውን ያባክናል? ፓይተን ያዢ እህቴ። ሥራም አለው፣ ማኅበረሰብም አለው። በተን ካማረሽ ቲኪንተር የሚባል የመስኮት መሥሪያ አለልሽ።

ሴሚኮሎን፦

@ፓይተን_ብቻ ኧረ ቀስ። ማሳደግ ማቆም ሌላ፣ መጣል ሌላ። በዚያው ዓመት ዊንዶውስ ፎርም ያለው ቪዥዋል ቤዚክ ዳት ኔት 5 ላይ እንዲሠራ ተደርጓል። የማይለወጥ ቋንቋ ደግሞ ለጀማሪ የሚከፋ አይመስለኝም። የዛሬ ዓመቱ ትምህርት ዘንድሮም ይሠራል።

ሰዎች የሚያደባልቁት ነገር አለ፣ እሱን ላጥራው። ቤዚክ ራሱ የ1964 ልጅ ነው። ዳርትማውዝ ኮሌጅ ውስጥ ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ የሠሩት ሳይንስ ላልተማሩ ተማሪዎችም እንዲሆን ብለው ነው። ያኔ በተን ቀርቶ መስኮት የሚባል ነገር የለም፤ የመስመር ቁጥር እየተከተሉ ከላይ ወደ ታች መውረድ ነው። ቪዥዋሉ የመጣው በ1991 ነው። አላን ኩፐር የሚባል ሰው የሠራውን፣ ነገሮችን እየጎተቱ መስኮት ላይ የመደርደሪያ መሣሪያ ማይክሮሶፍት ገዝቶ ከቤዚክ ጋር አጋባው። ከዚያ በፊት ዊንዶውስ ላይ አንድ ባዶ መስኮት ለማውጣት በሲ ቋንቋ ብዙ መስመር መጻፍ ነበረብህ፤ ያን የመልእክት ሉፕ ጭምር በእጅህ። ቪዥዋል ቤዚክ ሉፑን ደበቀውና በተኑን ሰጠህ። የቋንቋው ጥበብ በሙሉ እሱ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ከዚያ 6ኛው እትም በ1998 ወጣ፤ «ቪቢ 6» የሚሉት። የእሱ መጻፊያ በ2008 ድጋፉ ተቋርጧል። «ሞቷል» ሲባል የምትሰሙት ብዙውን ጊዜ ይሄኛው ነው። በ2002 የመጣው የዳት ኔቱ ሌላ ነው። @ገና_ጀማሪ የያዘችው ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ኢንተርኔት ላይ ምሳሌ ስትፈልጊ የየትኛው እንደሆነ እዪ። የቪቢ 6 ኮድ ገልብጠሽ ብትለጥፊ ቀይ በቀይ ይሆንብሻል።

ፓይተን_ብቻ፦

ታሪኩን ተቀብያለሁ፣ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም። ከዜሮ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ ሉፕና «ኢፍ» (ሁኔታ መፈተሻ) ጽሑፍ ብቻ ባለበት በጥቁሩ ስክሪን ይማር። በተን በኋላ ይደርሳል። ደብል ክሊክ አድርጎ ኮድ የሚወለድለት ሰው ከጀርባ ያለውን አያውቅም። ጥያቄዋ ራሱ ማስረጃ ነው።

ዝምተኛ_አንባቢ፦

ጥቁሩ ስክሪን ላይ ጀምሬ ነው ያቋረጥኩት። ለማንም የማላሳየው ነገር እየሠራሁ መቀጠል አቃተኝ። ይሄን ብቻ ልበል ብዬ ነው።

ባለብሮውዘሩ፦

ሁለታችሁም ስለ ቋንቋ ትጣላላችሁ፣ ጉዳዩ ግን ቋንቋ አይደለም። ይሄንኑ ነገር ጃቫስክሪፕት ላይ ታገኙታላችሁ። በ1995 ለኔትስኬፕ ብሮውዘር ሲሠራ ጀምሮ ሥራው ገጹ ላይ የሚደረገውን መጠበቅ ነው። ስክራች ላይም አለ። ልጆች የሚማሩበት ያ ባለ ቀለም ብሎክ፣ «አረንጓዴው ባንዲራ ሲነካ» ብሎ የሚጀምረው፣ ኢቨንት ነው። የስልክ አፕ መሥሪያው አፕ ኢንቬንተርም ያው ነው። አንዱ ላይ የገባት ሌላው ላይ አይጠፋትም።

ጃቫስክሪፕት ላይ ደግሞ የተደበቀ ነገር የለም። ማያያዙን አንተ ነህ የምትጽፈው፦ ለዚህ በተን፣ «ክሊክ» ሲመጣ፣ ይሄን ፈንክሽን (ስም የተሰጠው የኮድ ቁራጭ) ጥራልኝ። እዚህ ጋ ጀማሪ ሁሉ አንድ ጊዜ ሳይወድቅ የማያልፍበት ጉድጓድ አለ። የፈንክሽኑን ስም ስትሰጥ ከኋላው ቅንፍ ከጨመርክ ሳይጫን በፊት ይሠራል። ስሙ ብቻውን «ይሄ ነው፣ ኋላ ትጠራዋለህ» ማለት ነው። ስሙ ከነቅንፉ ግን «አሁን ጥራው» ነው። ገጹ ሲከፈት መልእክቱ ብቅ ይልና በተኑን ስትጫን ዝም ይላል። ሰው ግማሽ ቀን በተኑን ሲመረምር ይውላል፣ በተኑ ግን ምንም አላጠፋም። የሚያስቀው ነገር የፓይተኑ ቲኪንተር ላይም ልክ እንደዚያው ነው፣ @ፓይተን_ብቻ ይመስክር።

ፓይተን_ብቻ፦

እመሰክራለሁ 😅 «ኮማንድ» የሚለው ላይ ቅንፍ መጨመር።

ገና_ጀማሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። @የቆየ_ኮደር እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዳሉኝ ቆጣሪን አወጣሁት፣ ቆጠረልኝ! «አጽዳ»ንም ጨመርኩ። የሎድንም ነገር ለማየት እዚያ ውስጥ ሰላምታ ጻፍኩበት፣ ፎርሙ ከመታየቱ በፊት ብቅ አለ።

አሁን ሌላ መጣብኝ። ሁለት ቴክስት ቦክስ፣ አራት በተን፦ ደምር፣ ቀንስ፣ አባዛ፣ አካፍል። 5 እና 3 አስገባሁ። ቀንስ 2 አለኝ። አባዛ 15 አለኝ። ደምር 53 አለኝ። አራቱም ኮድ አንድ ዓይነት ነው፣ ምልክቱ ብቻ ነው የሚለየው። ሦስቱ ሠርተው አንዱ እንዴት ያብዳል?

ሁለተኛ፣ ከ10 ወደ 0 የሚቆጥር ሰዓት ሞከርኩ። በተኑ ሲጫን ሉፕ ይጀምራል፣ ሌብሉ ላይ ቁጥሩን ይጽፋል፣ 1 ሰከንድ ይተኛል፣ ይቀንሳል። ስጫነው መስኮቱ ድርቅ ይላል። መጎተት አይቻልም። ትንሽ ቆይቶ ርዕሱ ላይ «ምላሽ አይሰጥም» የሚለውን ይጽፋል። ከዚያ በድንገት 0 ይመጣል። 9ም 8ም አልታዩም።

ሴሚኮሎን፦

የመጀመሪያውን ልውሰደው። ቴክስት ቦክስ ውስጥ ያለው ነገር ቁጥር ቢመስልም ጽሑፍ ነው። ስትሪንግ። የመደመር ምልክት ሁለት ስትሪንግ መሃል ሲገባ ይቀጥላቸዋል፤ «5» እና «3» ተቀጥለው «53»። መቀነስና ማባዛት ግን ለጽሑፍ ትርጉም የላቸውም። ስለዚህ ቪዥዋል ቤዚክ ሳትጠይቂው ወደ ቁጥር ቀይሮ አስልቶልሻል። ደግ የሠራ መስሎት ነው። እንዲህ ያለው ደግነት ነው ጀማሪን የሚያሳስተው፤ ሦስቱ ስለሠሩ አራተኛው ላይ ራስሽን ትጠራጠሪያለሽ።

ፋይሉ አናት ላይ «ኦፕሽን ስትሪክት ኦን» ብለሽ ጻፊ። ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ከዚያ በኋላ መቀነሱም ማባዛቱም ቀይ ይሰመርባቸዋል። ቀዩን አትፍሪው። ከዚያ «ትራይፓርስ» የሚባለውን ተጠቀሚ። ጽሑፉን ወደ ቁጥር ለመቀየር ይሞክራል፤ ከቻለ እውነት ይልሻል፣ ካልቻለ ሐሰት። ተጠቃሚው «አምስት» ብሎ በፊደል ቢጽፍ ፕሮግራሙ አይወድቅም፣ «እባክዎ ቁጥር ያስገቡ» ትይዋለሽ። የገንዘብ ስሌት ከሆነ ደግሞ የቁጥሩን ዓይነት ከ«ደብል» ይልቅ «ዴሲማል» አድርጊው፤ ሁለቱም ነጥብ ያለው ቁጥር ይይዛሉ። ደብል ላይ 0.1 እና 0.2 ተደምረው ልክ 0.3 አይሆኑም፣ በጭራ ትልቃለች።

ማካፈሉ ላይ በ0 ሞክሪበት። ምን እንደሚሆን አልነግርሽም። በደብልም በኢንቲጀርም (ሙሉ ቁጥር) አድርጊው፣ ሁለቱ ይለያያሉ።

የቆየ_ኮደር፦

ሰዓቱን እኔ ልውሰድ። ይሄኛው ከሁሉም ይጠቅምሻል።

ያን ወረፋ አስታውሺ። ሉፑ አንድ መልእክት አንስቶ ለሃንድለርሽ ሲሰጥ፣ ሃንድለሩ እስኪጨርስ ሌላ አያነሳም። አንድ ክር (ሥራዎች ተራ በተራ የሚፈጸሙበት መስመር) ነው ያለው። ያንቺ ሃንድለር ደግሞ 10 ሰከንድ ሙሉ አልጨረሰም። ሌብሉ ላይ 9 ብለሽ ስትጽፊ ጽሑፉ በእርግጥ ተቀይሯል፣ ግን ስክሪን ላይ የሚስለው «እንደገና ሳል» የሚለው መልእክት ነው፤ እሱም ወረፋ ውስጥ ተቀምጦ አንቺን እየጠበቀ ነው። 8ም እንዲሁ። መስኮቱን ስትጎትቺ የሚመጣውም መልእክት እንዲሁ። ሃንድለሩ ሲያልቅ ሥዕሉ ተራው ደረሰ፣ ያኔ ሌብሉ ላይ ያለው 0 ነው። ዊንዶውስ በበኩሉ አንድ መስኮት 5 ሰከንድ ያህል መልእክት ሳያነሳ ከቆየ ተንጠልጥሏል ብሎ ያስባል። ያ ርዕሱ ላይ ያየሽው እሱ ነው።

አንድ ሰው መጥቶ «ዱ ኢቨንትስ የሚል መስመር ጨምሪበት» ይልሻል። ይሠራል። ቁጥሮቹም ይታያሉ። ግን ምን እንዳደረግሽ እወቂ፦ ሃንድለሩ ሳያልቅ ሉፑ ሌሎችን መልእክቶች እንዲያነሳ ፈቀድሽ። ተጠቃሚው በተኑን እንደገና ቢጫንስ? ያው ሃንድለር በራሱ ሆድ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ይጀምራል። 6 ላይ ደርሶ የነበረው ቆጠራ 10 ይላል፣ ወደ 0 ይወርዳል፣ ከዚያ ተመልሶ 5 ይላል። እንዲህ ያለውን ባግ ማግኘት ራስ ያዞራል። ተዪው።

ትክክለኛው መንገድ መጠበቅን ከራስሽ ላይ አውርደሽ ለሥርዓቱ መስጠት ነው። ከቱል ቦክሱ «ታይመር» ጎትቺ። ኢንተርቫሉን 1000 አድርጊው፣ በሚሊ ሰከንድ ነው። የበተኑ ሃንድለር ሥራ ሁለት መስመር ብቻ ይሆናል፦ ቀሪውን 10 አድርግ፣ ታይመሩን አስነሳ። አለቀ፣ ይመለሳል። ከዚያ በየሰከንዱ «ቲክ» የሚባል ኢቨንት ይመጣል። እሱ ውስጥ፦

ታይመሩ ሲመታ
– ቀሪ = ቀሪ - 1
– ሌብሉ ላይ ቀሪን አሳይ
– ቀሪ 0 ከሆነ ታይመሩን አቁም
አበቃ

ሉፕሽ የት ሄደ? የለም። ሉፑ የሥርዓቱ ነው። አንቺ የአንዱን ዙር ሥራ ብቻ ነው የጻፍሽው፣ በዙሮቹ መሃል የሚታወሰው ደግሞ «ቀሪ» ሆኖ ፎርሙ ላይ ተቀምጧል። ከቆጣሪው ጋር አንድ ነገር መሆኑን ታዪዋለሽ።

«አሲንክ» እና «አዌት» የሚባል አዲስ መንገድም አለ። በእሱ ሉፕሽን እንዳለ ጠብቀሽ መተኛቱን ብቻ መቀየር ትችያለሽ። ለመጻፍ ይቀላል። ግን መጀመሪያ በታይመር ሥሪው፣ ምን እንደሚደብቅልሽ ካወቅሽ በኋላ ወደ እሱ ሂጂ።

መምህሩ፦

ዘግይቼ ነው የመጣሁት። ለጀማሪዎች ይሄንኑ ቋንቋ አስተምራለሁ፣ ስለዚህ ከ@ፓይተን_ብቻ ጋር በከፊል እስማማለሁ። ደብል ክሊኩ አደገኛ ነው። ተማሪው ከማሰቡ በፊት ባዶው ቦታ ይከፈትለታል፣ ባዶ ቦታ ደግሞ ይጠራል። ሳይታወቀው ሙሉው ፕሮግራም የበተን ሃንድለሮች ውስጥ ተበትኖ ይገኛል። የደመወዝ ስሌት አንድ ጊዜ «አስላ» ውስጥ፣ አንድ ጊዜ «አትም» ውስጥ፣ አንድ ጊዜ «አስቀምጥ» ውስጥ። አንዱን ያርማል፣ ሁለቱ እንደተሳሳቱ ይቀራሉ።

ስለዚህ እኔ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር ከመነካቱ በፊት ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ይሠራል። በአንድ በኩል ዕቃው፣ ቀጥሎ ምን ሊደርስበት እንደሚችል፣ ቀጥሎ ምን እንደሚለወጥ። «አስቀምጥ፣ ሲጫን፣ ስሙ ባዶ ካልሆነ ዝርዝሩ ላይ ይጨመር፣ ሳጥኑ ይጽዳ።» ይሄ የፍሎቻርትን ቦታ ይተካል። ቀስት የለውም፣ ምክንያቱም ቅደም ተከተሉ የተጠቃሚው ነው።

ሁለተኛ ሕጌ፦ ሃንድለር ውስጥ ስሌት አይሠራም። ሃንድለሩ ሦስት ነገር ብቻ ያደርጋል። ከሳጥኖቹ ያነባል፣ ለብቻው የተጻፈ ፈንክሽን ይጠራል፣ መልሱን ያሳያል። ፈንክሽኑ ስለ በተንና ስለ ሌብል ምንም አያውቅም፤ ቁጥር ይቀበላል፣ ቁጥር ይመልሳል። ጥቅሙ ወዲያው አይታይም፣ እናም ተማሪዎች ያጉረመርማሉ። ግን እንዲህ ያለውን ፈንክሽን ፎርሙን ሳይከፍቱ መፈተሽ ይቻላል። ነገ ወደ ሲ ሻርፕ ወይ ወደ ድረ ገጽ ሲሄዱም አስተሳሰቡ አብሯቸው ይሄዳል።

ሌላ የምወደው ልምምድ ካልኩሌተር ነው። ከ0 እስከ 9 አሥር በተን አለው። ጀማሪው አሥር ሃንድለር ይጽፋል፣ አንድ ዓይነት። ያኔ ያቺ «ሃንድልስ» የምትለዋ መስመር ላይ በኮማ እየለያችሁ አሥሩንም በተኖች መደርደር ትችላላችሁ እላቸዋለሁ። አንድ ሃንድለር ለአሥሩም። የትኛው እንደተጫነ እንዴት ይታወቃል? ሃንድለሩ አናት ላይ ሁሌም ተቀምጦ ማንም የማያየው «ሰንደር» የሚባል ነገር አለ። ኢቨንቱን ያስነሳው ዕቃ ራሱ ነው። ወደ በተን ቀይሩት፣ ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፣ ማሳያው ላይ ቀጥሉት። አሥሩ ሃንድለር አንድ ሲሆን ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ደስ ይላል።

ለበተን ስም መስጠትን ደግሞ አደራ። «በተን 1፣ በተን 2» ብሎ መተው ነገ የራስን ኮድ ማንበብ ያቅታል። ዳት ኔቱ የግዕዝ ፊደል ያለበት ስም ስለሚቀበል በአማርኛ የሚሰይሙም አሉኝ። አልከለክልም።

ኤክሴል_ቤት፦

ኮደር አይደለሁም፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ግን ኤክሴል ውስጥ ያለው ቪቢኤ የዚሁ ቋንቋ ዘመድ ስለሆነ ይህን ክር እያነበብኩ ነበር። ጥያቄ አለኝ። ሴል ሲቀየር የሚነሳ ኢቨንት አለ፣ «ቸንጅ» የሚባለው። እሱ ውስጥ የገባውን ስም ዙሪያውን ክፍት ቦታ አጥርቶ ተመልሶ እዚያው ሴል ላይ እንዲጽፍ አደረግኩ። ኤክሴሉ ይደርቅና ይዘጋል። ለምን?

ሴሚኮሎን፦

ምክንያቱም ሴሉን ስትቀይረው ሴሉ ተቀየረ 🙂 የአንተ ኮድ የጻፈውም ለውጥ ነው፤ ኢቨንቱ ማን ቀየረው ብሎ አይጠይቅም። ራሱን ይጠራል፣ የተጠራውም ይጽፋል፣ እንደገና ይጠራል። ከመጻፍህ በፊት «አፕሊኬሽን» ነጥብ «ኢኔብል ኢቨንትስ» የሚለውን ሐሰት አድርገው፣ ከጻፍክ በኋላ እውነት። ግን ተጠንቀቅ። መሃል ላይ ኤረር ከተፈጠረ እውነት የምታደርገው መስመር ላይ አይደርስም። ኢቨንት ሁሉ እንደጠፋ ይቀራል፣ ሌላም የከፈትከው ፋይል ላይ። ስለዚህ ኤረር ሲመጣም ወደዚያ መስመር የሚወስድ መያዣ አድርግለት።

መምህሩ፦

የ@ኤክሴል_ቤት ጥያቄ ፎርም ላይም አለ፣ እዚያ ደግሞ ይበልጥ ይሠወራል። ዲግሪ ሴልሺየስና ፋራናይት የሚለዋወጡ ሁለት ሳጥኖች አስቡ። አንዱ ላይ ስትጽፉ ሌላው ይሞላል። መልሱ ወደ ሙሉ ቁጥር ይጠጋጋል እንበል። ተጠቃሚው ሴልሺየስ ላይ 20 ይጽፋል፣ ፋራናይት 68 ይላል። ሰላም ነው። ከዚያ ነጥብና 5 ይጨምርበታል፣ 20.5። ፋራናይት 68.9 ስለሆነ ተጠጋግቶ 69 ይጻፋል። ግን ፋራናይት ተቀየረ! የእሱ ሃንድለር ይነሳና 69ኝን ወደ ሴልሺየስ ይመልሰዋል፣ 20.56 ገደማ፣ ተጠጋግቶ 21። ሴልሺየስም ተቀየረ፤ ፋራናይትን 70 ያደርገዋል። 70 ሲመለስ 21.1፣ ተጠጋግቶ 21። ሳጥኑ ላይ ያለውም 21 ስለሆነ አዲስ ለውጥ የለም፣ እዚያ ይቆማል። ሰውየው 20.5 ብሎ ጻፈ፣ ዓይኑ እያየ 21 ሆነበት። ኤረር የለም፣ መድረቅ የለም። ቁጥሩ ብቻ ሸሸው።

መውጫው አንድ እውነት ወይ ሐሰት የሚይዝ ቫሪያብል ነው፣ «እኔ ነኝ የምቀይረው» በሉት። ሃንድለሩ ሲጀምር እውነት ከሆነ ዝም ብሎ ይውጣ። አለበለዚያም ጠቋሚው የትኛው ሳጥን ውስጥ እንዳለ ጠይቃችሁ እሱ ብቻ ሌላውን እንዲለውጥ አድርጉ።

ባለብሮውዘሩ፦

ጃቫስክሪፕት ላይ «ኢንፑት» የሚባለው ኢቨንት ተጠቃሚው ሲጽፍ ብቻ ነው የሚነሳው። ኮድ ዋጋውን ቢቀይረው አይነሳም። ስለዚህ ይሄ ሩጫ እኛ ጋ አይገጥምም። ሌላ ሩጫ ግን አለን 😂

ገና_ጀማሪ፦

ሰዓቱ ሠራ! እየቆጠረ መስኮቱን ወዲህ ወዲያ ጎተትኩት። በ0 ማካፈሉንም ሞከርኩት፦ በደብል የኢንፊኒቲ ምልክት ሰጠኝ፣ በኢንቲጀር ያቺን በወደኋላ ጭረት የምትጻፈዋን ማካፈያ ስጠቀም ፕሮግራሙ ወደቀ። @ሴሚኮሎን ተንኮለኛ ነህ።

በቪዥዋል ቤዚክ ልቀጥል ወስኛለሁ፣ ቢያንስ እስከ ኮርሱ መጨረሻ። @ፓይተን_ብቻ አትቀየመኝ፣ ቀጥሎ ያንተ ነው።

አንድ የቀረችኝ። ሰዓቱን ወደ 10 ደቂቃ አሳደግኩት። ከስልኬ ጋር አብሬ ሳስነሳው መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ ይቀራል። ታይመሩ ሰከንድ አያውቅም እንዴ?

የቆየ_ኮደር፦

የፎርም ታይመር ለትክክለኛነት አልተሠራም። ማይክሮሶፍት ራሱ ወሰኑን 55 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው የሚለው። «ቲክ»ም እንደማንኛውም መልእክት ተራውን ይጠብቃል፤ ሌላ ሃንድለር ከያዘው ይዘገያል። አንቺ ደግሞ የመታበትን ብዛት እየቆጠርሽ ነው ሰከንድ የምትዪው።

አትቁጠሪ። በተኑ ሲጫን ማብቂያውን ሰዓት አስቢና ፎርሙ ላይ አስቀምጪ፦ አሁን ሲደመር 10 ደቂቃ። ቲክ በመጣ ቁጥር ከማብቂያው ላይ አሁንን ቀንሺና ልዩነቱን አሳዪ። ያኔ አንድ ቲክ ቢዘገይ ቀጣዩ ራሱ ያስተካክለዋል። ኢንተርቫሉንም ወደ 200 አውርጂው፣ አለበለዚያ አልፎ አልፎ አንድ ቁጥር ዘልሎ ታዪዋለሽ።

ገና_ጀማሪ፦

እሺ፣ «ቀሪ» የሚለው ቫሪያብል ጠፍቶ «ማብቂያ» ይተካው ማለት ነው?

የቆየ_ኮደር፦

አዎ። መታወስ ያለበት እሱ ብቻ ነው፣ ቀሪው ይሰላል።